የተበላሸው ቴፕ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

አንባቢያን ሆይ፤ ከቤታችሁ መደርደሪያ ላይ ወይም ከአልጋችሁ ሥር አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ራዲዮ፣ ቴፕ ወይም በእጅ የሚያዝ የሙዚቃ ማጫወቻ ይኖር ይሆን? መጀመሪያ ድምፁ መንጫጫት ጀመረ፤ ቀጥሎ በጥፊ ካልመቱት አልናገር አለ፤ በመጨረሻም ጭራሹን ዝም አለ። «ነገ አሠራዋለሁ» ተባለ፤ ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ዓመት። መጣሉ ያሳዝናል፤ ማሠራቱ ያጠራጥራል፤ አዲስ መግዛቱ ደግሞ ኪስን ይጎዳል። እንግዲህ ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄው ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ ሰው ቀላል አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት። ክረምቱ ረጅምና እርጥብ ነው፤ እርጥበት ደግሞ የእንደዚህ ያሉ ዕቃዎች ዋና ጠላት ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መለዋወጫ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ነው የሚደርሰው። ከሮብ ገበያ ወይም ከየጁቤ ለገበያ የሚመጣ ገበሬ፣ ዕቃውን ለሠሪ ሰጥቶ ሲመለስ እንደገና ቢያጣው የሚያጣው ብሩን ብቻ ሳይሆን የመንገዱንም ድካም ነው። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ መርምሮ መቁረጥ ተገቢ ይሆናል።

ድምፅ እንዴት ተሸካሚ አገኘ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከታሪኩ ጥቂት እናንሣ። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃል በፎኖግራፍ አስቀርጻ ላከች። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም ድምፅዋን ከሰሙ በኋላ በዚያው መሣሪያ መልስ አስቀርጸው ሰደዱላት። የንግሥቲቱ ድምፅ የተቀረጸበት ሲሊንደር ግን ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ታዝዞ ስለ ነበር ተሰበረ። የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ድምፅ ግን ተጠብቆ ስለ ቆየ እስከ ዛሬ ይሰማል። ይህ ታሪክ ለጉዳያችን ትልቅ ምሳሌ ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ሸክላውና ግራማፎኑ ግን የቤት ዕቃዎች ነበሩ እንጂ ከሰው ጋር የሚዞሩ አልነበሩም። ሙዚቃ ከሰው ጋር መንገድ መሄድ የጀመረው ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። በኪስ የሚያዝ የመጀመሪያው የትራንዚስተር ራዲዮ በጥቅምት 1947 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሕዝብ ቀረበ። ነሐሴ 1955 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ትንሿን ካሴት በበርሊን የራዲዮ ትርኢት አሳየ። የጃፓኑ ሶኒ ዎክማን የተባለውን የኪስ ቴፕ ለሽያጭ ያወጣው ሰኔ 24 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር።

በእኛም አገር በየካቲት 1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ማሠራጨት ሲጀምርና በድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ በየገበያው ሲዳረስ፣ መብራት ያልገባበት የደጋ ቀበሌ ሳይቀር የዓለሙን ወሬ መስማት ቻለ። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» እንኳ፣ ማንበብ የማይችለው ሰው ሁሉ ሊሰማው የበቃው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ስለ ተረከው ነው። የጎጃም ታሪክ ወደ ጎጃም ገበሬ ጎጆ የተመለሰው በዚችው በምትናቀው ሣጥን በኩል መሆኑን አስተውሉ።

ከዋጋው በፊት ሆዱን መርምሩ

ብዙ ሰው ዕቃው ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያስወጣኛል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ሊሆን ይገባዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ «በውስጡ ምን አለ?» የሚለው ነው። ማሽኑ ሌላ ነው፤ ማሽኑ የተሸከመው ድምፅ ሌላ ነው።

አንዲት እናት በሉማሜ አለች እንበል። ባለቤቷ ካረፉ 20 ዓመት ሆኗቸዋል። በአንድ ካሴት ላይ ግን በልጃቸው ሠርግ ቀን ያሰሙት ሽለላና ቀረርቶ አለ። ቴፑ ተበላሽቶ ካሴቱ ከውስጡ እንደ ተቀረቀረ ቀረ። ልጇ ከከተማ መጥቶ «ይኸን አሮጌ ዕቃ ጣዪው፤ አዲስ እገዛልሻለሁ» ቢላት፣ ደግ ያደረገ ይመስለዋል። ነገር ግን ከአሮጌው ዕቃ ጋር የአባቱን ድምፅ ጥሎ፣ በምትኩ ማንም ሰው በብር የሚገዛውን ሙዚቃ ሰጣት ማለት ነው።

ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው። የዲማ ጊዮርጊስ፣ የጎንጅና የዋሸራ ጉባኤ ቤቶች ስም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። የየኔታን ቃል፣ የአያትን ተረት፣ የለቅሶ እንጉርጉሮን፣ በስደት ካለ ዘመድ የተላከ የድምፅ ደብዳቤን በካሴት የያዘ ቤት ጥቂት አይደለም። ይህን የመሰለ ድምፅ በገበያ አይገኝም፤ ቅጂውም ከሌላ ሰው ዘንድ የለም። ስለዚህ ሕጉ ይኸው ነው፤ ማሽኑ ይጠገን ወይም ይለወጥ ከመባሉ በፊት ድምፁ ይዳን።

ድምፁን ለማዳን የራስ ቴፕ መጠገኑ ግዴታ አይደለም። ካሴት ከየትም ይምጣ ከየት መጠኑ አንድ ነው፤ ጥብጣቡም በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ፍጥነት ነው የሚሄደው። ስለዚህ በሰፈሩ አንድ ደኅና ቴፕ ከተገኘ የሁሉንም ቤት ካሴት ሊያጫውት ይችላል። እርሻውን በወንፈል የሚያርስ፣ አዝመራውን በደቦ የሚሰበስብ ሕዝብ ይህንንም በወንፈል ቢሠራው ምን ይከለክለዋል?

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ካሴቱ ከቴፑ ውስጥ ቢቀረቀር በጉልበት አትጎትቱት፤ ክዳኑ ተፈቶ ጥብጣቡ በዝግታ ይላቀቅ። የላላውንም ጥብጣብ ባለ ስድስት ማዕዘን እስክሪብቶ ከጥርሱ አግብቶ በማዞር መሰብሰብ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ከካሴቱ ጀርባ በኩል በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የላስቲክ ምላሶች ስበሩ፤ ያን ጊዜ በስሕተት ሌላ ድምፅ ሊቀዳበት አይችልም። ሦስተኛ፣ የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ሁለት ራስ ባለው ገመድ ከኮምፒውተር ወይም ከመቅጃ ጋር አገናኙ፤ ድምፁን ከግማሽ አታሳልፉት፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። አራተኛ፣ የተገለበጠውን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ። ካሴት ሲያረጅ ድምፁ እየደከመ ያስጠነቅቃል፤ ሚሞሪ ግን ሲሞት አንድ ጊዜ ነው፣ ሳይናገር ይሄዳል። አሮጌውንም ካሴት ቢሆን አትጣሉት።

በቤት የሚድን በሽታ

ድምፁ ከዳነ በኋላ ወደ ማሽኑ እንምጣ። «ሞተ» ከተባለው ዕቃ ውስጥ ብዙው በእርግጥ የሞተ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ኃይሉን መርምሩ። በድንጋይ የሚሠራ ከሆነ የድንጋዩን ቤት ክፈቱ። የተራው ድንጋይ ቆርቆሮ የተሠራበት ዚንክ ራሱ ኃይሉን ለመስጠት እየተበላ የሚያልቅ ነው። ያለቀ ድንጋይ የሚያፈሰውም ስለዚህ ነው። የፈሰሰው ነገር ሞላውንና ጫፉን አዝጎ መንገድ ይዘጋል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ፍቁት። ከአልካላይን ድንጋይ የወጣ ነጭ ዱቄት ከሆነ፣ በጥጥ ላይ ጥቂት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ነክራችሁ ጥረጉት፤ ከዚያም በደንብ ይድረቅ። በባዶ እጅ አትንኩት፤ ቆዳ ይበላል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ የቆየ ልማድ እንናገር። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት በየመንደሩ የታወቀ ነው። ሙቀት ቀሪውን ኃይል ለጥቂት ጊዜ ስለሚያነቃቃው ራዲዮው እንደገና ሲናገር ይሰማል። ግን ያው ሙቀት ድንጋዩ እንዲያፈስ ያፋጥነዋል። የአንድ ማታ ወሬ ለመስማት የዓመታት ራዲዮ ማጣት ትርፍ አይደለም። ለሰነበተ ጊዜ የማይሠራበትንም ዕቃ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ሁለተኛው፣ ድምፅ መጨመሪያውን ስታዞሩት የሚንጫጫ ከሆነ፣ በውስጡ ካለው የካርቦን መንገድ ላይ አቧራ ገብቷል ማለት ነው። ሠሪ ዘንድ በሚረጭ ማጽጃ በደቂቃ ይጸዳል። ሦስተኛው፣ ስፒከሩ ዝም ብሎ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማ እንደ ሆነ፣ ስፒከሩ ተቃጥሏል ብላችሁ አትደንግጡ። የማዳመጫው ቀዳዳ ውስጥ ያለችው ምላስ ተጣብቃ ሳትመለስ ቀርታ ይሆናል፤ የማዳመጫውን ጫፍ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት አንዳንድ ጊዜ ይፈታታል። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ በሌላ ማዳመጫ ሞክሩት፤ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ሽቦው ነው፣ ያውም ከጫፉ አጠገብ።

አራተኛው የቴፕ በሽታ ነው። ድምፁ እንደ ታፈነ ሰው የሚሆነው ከካሴት የሚለቀቅ ቡናማ ብናኝ በማንበቢያው ራስ ላይ ሲከማች ነው፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጠረጋል። ዘፋኙ እንደ ሰከረ የሚንገዳገድና የሚጎተት ከሆነ ግን ሞተሩን የሚያገናኘው ቀጭን የጎማ ቺንጋ ላልቷል። ቺንጋ በርካሽ የሚገኝ ዕቃ ነው። ነገር ግን ርዝመቱም ውፍረቱም ትክክል መሆን አለበት።

ሠሪ የሚፈልግና መድኃኒት የሌለው

ዛሬ በገበያ የሚበዙት ሚሞሪ የሚጎርሱ ትናንሽ የቻይና ራዲዮዎች ናቸው። በውስጣቸው ያለው የሊቲየም ባትሪ በአብዛኛው 3.7 ቮልት ነው። ብዙዎቹ ድሮ በኖኪያ ስልክ ውስጥ የነበረውን ቢ ኤል 5 ሲ የተባለውን ዓይነት ስለሚይዙ ባትሪው ተንሸራትቶ ይወጣል፤ በቀላሉም ይለወጣል። ባትሪው አብጦ እንደ ሆነ ግን አትቻርጁት፤ አትውጉት፤ እሳት አጠገብም አታስቀምጡት፤ ሊነድ ይችላል። ዘፈን እምቢ ካለና ራዲዮው ከሠራ፣ ሚሞሪውን በሌላ ዕቃ ሞክሩት። ቻርጅ አልቀበል ያለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ተነቃንቆ ብየዳው ስለ ለቀቀ ነው፤ ይህ ለሠሪ ቀላል ሥራ ነው።

መድኃኒት የሌለውስ የትኛው ነው? ርካሹን ማጫወቻ ከፍታችሁ ስታዩ በሰሌዳው መካከል እንደ ቅጥራን ጠብታ ያለ ጥቁር ነገር ይታያችኋል። የማሽኑ አንጎል ከዚያ ሥር ተቀብሯል። እርሱ ከተቃጠለ ነቅሎ መለወጥ አይቻልም፤ ቢቻልም ከአዲሱ ዋጋ ይበልጣል። በ220 ቮልት ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ሳለ ኃይሉ ዘሎ ያቃጠለውም ዕቃ እንዲሁ አጠራጣሪ ነው። ግን መጀመሪያ ቻርጀሩን ለይታችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ ነው ሞቶ ማሽኑን ያስወቀሰው።

ውሃ ውስጥ ለወደቀ ዕቃ ደግሞ ምክሩ አንድ ነው፤ ይሠራ እንደ ሆነ ለማየት አትክፈቱት። ወዲያው ባትሪውን አውጡ፤ ክዳኑን ፈትታችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቀናት ይሰንብት። ከምድጃ ዳር ያስቀመጠው ሰው ግን ከውሃ ያዳነውን በእሳት ይጨርሰዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

ሒሳቡ

አሁን የዋጋው ጥያቄ ተራው ደረሰ። የጥገናውን ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ጋር ብቻ ማስተያየት ያሳስታል። ማስተያየት ያለባችሁ እያንዳንዱ ብር ስንት ወር እንደሚገዛላችሁ ነው። ለምሳሌ አዲሱ 1,200 ብር ነው፣ 2 ዓመትም ያገለግላል እንበል፤ በወር 50 ብር ይመጣል ማለት ነው። ጥገናው 300 ብር ከሆነና አንድ ዓመት የሚያስኬድ ከሆነ በወር 25 ብር ብቻ ነው፤ ይጠገን። ያው 300 ብር ተከፍሎበት በ3 ወር የሚመለስ ከሆነ ግን በወር 100 ብር ስለሚሆን አዲስ መግዛቱ ይረክሳል። ለሦስተኛ ጊዜ በአንድ ዓይነት በሽታ የተመለሰ ዕቃ ብዙውን ጊዜ መሰናበት የሚገባው ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨመር። አሮጌው ዕቃ በጠንካራ ብረትና በሚፈታ ብሎን የተሠራ ከሆነ፣ አዲሱ ደግሞ በሙጫ የታሸገ ከሆነ፣ አዲሱ ዛሬ ቢረክስም ነገ ሲበላሽ የሚከፍተው የለም። አሮጌው የማይሰጠውን አገልግሎት፣ ማለት ኤፍ ኤም ወይም ሚሞሪ፣ በእርግጥ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ጥገና ይህን አይጨምርለትም፤ መለወጡ ቅንጦት አይባልም።

ከሠሪው ዘንድ

ራዲዮ ሠሪ ሐኪም ነው፤ ሐኪም ደግሞ የታመመውን ታሪክ ይፈልጋል። ወድቆ እንደ ሆነ፣ ውሃ ነክቶት እንደ ሆነ፣ ሌላ ሰው ካቻቢቴ አግብቶበት እንደ ሆነ ሳታፍሩ ንገሩት። ሚሞሪውንና ካሴቱን አውጥታችሁ ዕቃውን ብቻ ስጡ። ከመከፈቱ በፊት የመመርመሪያውን፣ ከተመረመረ በኋላ የጠቅላላውን ዋጋ ጠይቁ። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልስላችሁ ተስማሙ። ስትቀበሉም ከፊቱ ረዘም አድርጋችሁ አጫውቱት። ሠሪውም «ይህ አይረባም፤ ገንዘብህን አታባክን» ካላችሁ፣ ደንበኛነታችሁን ጠብቁለት፤ እንጀራውን ትቶ እውነቱን የነገራችሁ ሰው ነውና።

የዓለሙ ክርክር

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አይፖድ የተባለውን ማጫወቻ በጥቅምት 1994 ዓ.ም. ሲያወጣ ዓለም ጉድ አለ። ባትሪው ግን ባለቤቱ ሊከፍተው በማይችል ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ስለ ነበር፣ ባትሪው ሲደክም ዕቃው ሁሉ እንደ ደከመ ተቆጠረ። በ1996 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሁለት ወንድማማቾች ስለዚሁ አጭር ፊልም ሠርተው ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ኩባንያውም በዚያው ሰሞን ባትሪውን በ99 ዶላር የሚለውጥበት አገልግሎት አስታወቀ። አይፖድ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ጨርሶ ከምርት ቆመ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፣ ከየካቲት 2019 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሸጡ በእጅ የሚያዙ ዕቃዎች ባትሪያቸውን ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ ሊለውጠው የሚችል እንዲሆን አዟል።

ምክንያቱም የሚጣለው በዝቷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ባወጡት መግለጫ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቁሻሻ ተጥሏል። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበለት 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃችሁን ለመለወጥ ብትቆርጡ እንኳ አሮጌውን ወደ ጨሞጋ ወይም ወደ ውትርን ወንዝ ዳር አትወርውሩት። ከብቱም ሰውም የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። ለራዲዮ ሠሪ ስጡት፤ ስፒከሩ፣ ሞተሩ፣ አንቴናውና ብሎኑ ለሌላ ሰው ራዲዮ ነፍስ ይዘራል። በመለዋወጫ እጦት ለሚቸገር አገር ከአንድ ሬሳ ሦስት ሕያው ማውጣት ትልቅ ሀብት ነው።

እንግዲህ አንባቢያን ሆይ፤ ከዚህ በላይ የተባለውን ስታጠቃልሉት ሦስት ቃል ይሆናል፤ ድምፁን አድኑ፣ በሽታውን ለዩ፣ ሒሳቡን አስሉ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ስሕተት በገንዘብ ይካሳል፤ ሲያስፈልግ ሌላ ራዲዮ ይገዛል። የመጀመሪያው ግን አይካስም። የንግሥት ቪክቶሪያ ሲሊንደር ከተሰበረ በኋላ ያን ቃል የሰማ ጆሮ የለም፤ የአፄ ምኒልክ ግን ስለ ተጠበቀ ከ120 ዓመት በኋላም ይናገራል። በእያንዳንዳችን ቤትም ያለው ካሴት ከእነዚህ ከሁለቱ ወደ አንዱ የሚሄድ ነው። ክረምቱ ሳይገባ፣ እርጥበቱም ጥብጣቡን ሳይበላው፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ያንን ሣጥን አውርዳችሁ ክዳኑን ክፈቱ።